ባለ ትልቅ ስክሪኑን ስልክ ላቆየው ወይስ ልቀይረው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ፤ ከ6 ኢንች በላይ የሆነውን ስልክ ይዞ መቀጠል ይሻላል ወይስ አዲስ መግዛት? መልሱ የሚወሰነው ከስልኩ የደከመው የትኛው ክፍል እንደሆነ ነው። ባትሪ ይቀየራል፣ የሞላ ሜሞሪም ይጸዳል። ስክሪኑ ከተበላሸ ወይም የሶፍትዌር አፕዴት ከተቋረጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በተለይ ስልኩ ትልቅ ሲሆን ውዱ ዕቃው ስክሪኑ ነውና።

ጥያቄ፦ ባለ 6.7 ኢንች ስልኬን ከያዝኩት ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ባትሪው 30 በመቶ ላይ እያለ፣ በተለይ ካሜራ ስከፍት፣ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቻርጀር ስሰካለት ወዲያው 28 በመቶ ብሎ ይነሳል። ሌላ እንከን የለውም። ልቀይረው? (ሰ. መ.)

መልስ፦ ስልኩን ሳይሆን ባትሪውን ይቀይሩ። ሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው ኃይል መቀነሱ ብቻ አይደለም፤ የውስጥ ሬዚስታንሱም (ኃይሉ እንዳይወጣ የሚገታው) ይጨምራል። ካሜራ ወይም ጌም ሲከፈት ስልኩ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይስባል። በዚያች ቅጽበት የባትሪው ቮልቴጅ ስልኩ ሊሠራበት ከሚችለው መጠን በታች ስለሚወርድ ስልኩ ራሱን ያጠፋል። ቻርጀር ሲሰካ ጫናው ከባትሪው ላይ ይነሳና 28 በመቶው ተመልሶ ይታያል። ኃይሉ በውስጡ አለ፤ ባትሪው ያቃተው በሚፈለገው ፍጥነት ማውጣት ነው። ብርድ ሲሆን ይብስበታል።

ከማስቀየርዎ በፊት ግን ያረጋግጡ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ባትሪ»፣ ቀጥሎ «ባትሪ ሄልዝ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ከ80 በመቶ በታች ካሳየ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። አፕል እስከ አይፎን 14 ድረስ ያሉትን ባትሪዎች ከ500 የቻርጅ ዙር በኋላ፣ የአይፎን 15ን ደግሞ ከ1000 ዙር በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ አድርጎ ነው የሠራቸው። አንድ ዙር ሲባል በአንድ ጊዜ ከ0 እስከ 100 መሙላት ማለት አይደለም፤ ዛሬ 60፣ ነገ 40 በመቶ ቢሞሉ ተደምሮ አንድ ዙር ነው። ሳምሰንግ ከሆነ «ሳምሰንግ ሜምበርስ» በተባለው አፕ ውስጥ የስልክ ምርመራውን ያስጀምሩና የባትሪውን ውጤት ይመልከቱ። ይህ በሌላቸው ስልኮች ላይ «አኩባተሪ» የተባለውን አፕ ጭነው ከ20 እስከ 90 በመቶ አምስት ስድስት ጊዜ ቻርጅ ካደረጉ የቀረውን አቅም ይገምትልዎታል። 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ የተሸጠ ባትሪ ወደ 3900 ወርዶ ከተገኘ ምክንያቱን ደርሰውበታል።

ሲያስቀይሩ የሚተኩት ባትሪ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። 5000 በነበረበት ቦታ፣ በዚያው ውፍረት፣ 6500 የሚል የሌላ ፋብሪካ ባትሪ ካመጡልዎ ቁጥሩን አይመኑት። የትልልቆቹ ስልኮች ጀርባ በሙጫ የተጣበቀ መስታወት ስለሆነ ተሞቆ ነው የሚከፈተው። ጠጋኙ አሮጌውን ሙጫ ጠርጎ አዲስ ማሸጊያ ማድረጉን ይጠይቁ፤ ያም ሆኖ ከዚህ በኋላ ስልኩን ውኃ አይገባውም ብለው አይዘናጉ። አዳዲሶቹ አይፎኖች ኦሪጅናል ያልሆነ ባትሪ ሲገባላቸው ዕቃው ያልታወቀ ነው የሚል መልእክት ያሳያሉ፤ ስልኩ ግን ይሠራል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ስልኩን ካቨሩን አውልቀው በግንባሩ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያስተኙትና ዓይንዎን ከጠረጴዛው ጋር አስተካክለው በጎን ይመልከቱት። በጀርባው መስታወትና በብረቱ ጠርዝ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። በውስጡ ጋዝ ስለተጠራቀመ ቻርጅ አያድርጉት፣ ተጭነው ለመግጠምም አይሞክሩ። አጥፍተው ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ አሮጌው ስልኬ 5.5 ኢንች ነው። ፊልም በትልቁ ለማየት ባለ 6.5 ኢንች ልገዛ አስቤያለሁ። ልዩነቱ ይታወቃል? (የዘወትር አንባቢ)

መልስ፦ ዩቲዩብ ላይ ለሚያዩት ተራ ቪዲዮ አይታወቅም ብንልዎ ያምኑናል? ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። የድሮው 5.5 ኢንች ቅርጹ (ቁመቱ ለስፋቱ) 16 ለ9 ስለሆነ ስፋቱ 68.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። አዲሱ 6.5 ኢንች ግን 20 ለ9 ከሆነ ስፋቱ 67.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይጠብባል። ያደገው ቁመቱ ብቻ ነው፣ ከ122 ወደ 151 ሚሊ ሜትር ገደማ። 16 ለ9 የሆነ ቪዲዮ ስልኩን አጋድመው ሲያዩ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀርና ምስሉ 5.4 ኢንች ገደማ ይሆናል፣ በአሮጌው ስልክዎ ከሚያዩት በጥቂቱ ያነሰ።

የሚጠቀሙት በሌላ በኩል ነው። ለሲኒማ በሰፊው የተቀረጹ ፊልሞች ያንን ተጨማሪ ርዝመት ስለሚሞሉ ምስላቸው በወርዱ አንድ አራተኛ ያህል ይጨምራል። ጽሑፍ ሲያነቡም ብዙ መስመር በአንድ ጊዜ ይታያል፤ ፊደሉ ግን አይተልቅም። ስለዚህ ሻጩን ኢንቹን ሳይሆን የስክሪኑን ስፋት በሚሊ ሜትር ይጠይቁት፣ ካላወቀው በማስመሪያ ይለኩት። 6.8 ኢንች የሆነ 20 ለ9 ስክሪን 71 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ተራውን ቪዲዮ ወደ 5.7 ኢንች ያደርሰዋል። ከዚህ በላይ ለሚፈልግ ታብሌት ወይም ታጣፊ ስልክ ነው የሚቀረው። እንደ ጋላክሲ ዜድ ፎልድ 5 ያለው 7.6 ኢንች ታጣፊ ስክሪን ቅርጹ ወደ ካሬ ስለሚጠጋ ያንኑ ቪዲዮ በ6.7 ኢንች ገደማ ያሳያል። በላዩ ላይ ከፋብሪካ የመጣውን ስስ ላስቲክ ግን የመጓጓዣ መሸፈኛ መስሎት የሚልጥ ሰው አለ፤ የስክሪኑ አካል ስለሆነ ሲላጥ ስክሪኑ ይበላሻል። ያገለገለ ታጣፊ ስልክ መግዛትን ደግሞ ለማንም አንመክርም።

ጥያቄ፦ ነጭ ገጽ ስከፍት ከታች የኪቦርድ፣ ከላይ የሰዓትና የባትሪ ምልክት ጥላ ይታየኛል። በቅርቡ ደግሞ ከላይ እስከ ታች አንድ አረንጓዴ መስመር ወጣ። ጓደኛዬ በአፕ ይስተካከላል ይላል። (ከ. አ.)

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ አንዳቸውም በአፕ አይድኑም።

ጥላው የኦሌድ ስክሪን ድካም ነው። በኦሌድ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ብርሃን ታመነጫለች፤ ብርሃኑን የሚሰጠው ቁስ ደግሞ በሠራ ቁጥር ይደክማል፣ ሰማያዊው ከቀዩና ከአረንጓዴው ቀድሞ። ኪቦርድና የሰዓት ምልክት አንድ ቦታ ላይ ለብዙ ሰዓት ስለሚቆሙ በዚያ ያሉት ነጥቦች ተለይተው ያረጃሉ። ጥላ እናጠፋለን የሚሉት አፖች ያልደከሙትን ነጥቦች እያደከሙ ከደከሙት ጋር ለማስተካከል ነው የሚሞክሩት። ጥላው ሊደበዝዝ ይችላል፤ የተከፈለው ዋጋ ግን የስክሪኑ ዕድሜ ነው።

የጉዳቱን መጠን ለማወቅ ወጥ የሆነ ግራጫ ምስል ስክሪኑን ሙሉ አድርገው ይክፈቱ። ሳምሰንግ ላይ በመደወያው *#0*# ሲጽፉ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ለየብቻ የሚያሳይ መሞከሪያ ይመጣል። ስልኩን አንድ ሰዓት ያህል አጥፍተው ሲመለሱ ጥላው ከሌለ ጊዜያዊ ነበር ማለት ነው። ካለም፣ በፎቶና በቪዲዮ ላይ እስካላስቸገረዎ ድረስ ለጥላ ብቻ ብሎ ስክሪን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ፣ ጨለማ ገጽታን ይጠቀሙ፣ ስክሪኑ በ30 ሰከንድ እንዲጠፋ ያድርጉት፤ ከታች ያሉትን ሦስት ቁልፎችም በጣት ማንሸራተት ይተኳቸው።

አረንጓዴው መስመር ግን አሳሳቢ ነው። ለስክሪኑ ትእዛዝ የሚያደርሱት ፀጉር የማያህሉ መስመሮች ሲበጠሱ ወይም ግንኙነታቸው ሲላላ ይመጣል፤ ነገ ሁለት ሦስት ሊሆን፣ ከዚያም ስክሪኑ ጨርሶ ሊጨልም ይችላል። ዛሬውኑ ባክአፕ ያድርጉ። ስክሪኑ ከጨለመ ወይም ታቹ (ንክኪው) ከሞተ በኋላ ፓስዎርድ ማስገባት ስለማይቻል ፎቶዎቹ ስልኩ ውስጥ ተቆልፈው ይቀራሉ። ቀጥሎ ወደ አምራቹ ኦፊሴላዊ ጥገና ደውለው ይጠይቁ፤ ለዚህ ችግር አንዳንድ አምራቾች በተወሰኑ አገሮች፣ ለተወሰኑ ሞዴሎች ስክሪን በነጻ የቀየሩበት ጊዜ አለ።

ነጻ ካልሆነ የኦሪጅናል ስክሪን ማስቀየሪያ ዋጋ ያስነግሩና ያው ሞዴል ያገለገለው ስንት እንደሚሸጥ ያጣሩ። የእኛ መስፈርት ይህ ነው፤ ጥገናው ከግማሹ ካለፈ ይተዉት። አፕዴቱ ሊያበቃ አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ስልክ ከሆነ ደግሞ ሲሶውም ይበዛበታል። ርካሽ ነው ተብሎ የሚቀርብልዎ ኮፒ ስክሪን ብዙ ጊዜ «ኢንሴል» የሚባለው ኤልሲዲ፣ ማለትም ከኋላው ባለ መብራት የሚሠራ ስክሪን ነው። ከኦሌዱ ይወፍራል፣ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል። ኤልሲዲ በኦሌድ ቦታ ሲገባ ከስክሪኑ ሥር ያለው የጣት አሻራ ማንበቢያም ሥራ ያቆማል። ኮፒ መግጠም ግድ ከሆነ «ሶፍት ኦሌድ» የሚባለውን ይጠይቁ፣ ሳይታሸግም በፊት ገጥሞ እንዲያሳይዎ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ስታክ እያደረገ አስመረረኝ። ኪቦርዱ እንኳ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። አርጅቷል ማለት ነው? (ተማሪ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሜሞሪው ስንት እንደቀረው ይመልከቱ። የስልክ ማከማቻ አዲስ ነገር ለመጻፍ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ከ10 በመቶ በታች ሲቀር ፍጥነቱ ይወድቃል። 128 ጊጋባይት ከሆነ ቢያንስ 15ቱ ባዶ ይሁን። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ቴሌግራም ነው። በሴቲንጉ ውስጥ «ዳታ እና ስቶሬጅ»፣ ቀጥሎ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ገብተው ካሹን (በስልኩ ላይ የተከማቹትን ጊዜያዊ ፋይሎች) ያጽዱ። ፋይሎቹ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላሉ በፈለጉ ጊዜ ያወርዷቸዋል። እዚያው ሚዲያው ከ1 ሳምንት በላይ እንዳይቆይ ማዘዝም ይቻላል። ዋትስአፕ ግን እንዲህ አይደለም፤ «ማኔጅ ስቶሬጅ» ውስጥ የሚያጠፉት ቪዲዮ ላይመለስ ይችላልና እያዩ ያጥፉ። የጋለሪውን የቆሻሻ ቅርጫት ባዶ ማድረግም አይርሱ።

ቦታ ኖሮት ከዘገየ አንድሮይዱን በሴፍ ሞድ፣ ማለትም እርስዎ የጫኗቸው አፖች በማይሠሩበት ሁኔታ ያስነሱት። በብዙ ስልኮች የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭነው «ፓወር ኦፍ» የሚለው ሲመጣ እሱን ተጭነው ያቆዩት። በሴፍ ሞድ ከፈጠነ ችግሩ እርስዎ ከጫኑት አፕ ነው፤ በቅርብ ከጫኑት ጀምረው አንድ በአንድ ያራግፉ። በሴፍ ሞድም ከዘገየ ባክአፕ አድርገው ፎርማት ያድርጉት። አይፎን ከሆነ ደግሞ ባትሪውን ይጠርጥሩ። አፕል ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖች ድንገት እንዳይጠፉ ሲል ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አምኗል፤ የባትሪ ሁኔታ ማሳያው በሴቲንግ ውስጥ የገባውም ከዚያ በኋላ ነው። ባትሪ ሲቀየር ፍጥነቱ የሚመለስለት ስልክ አለ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ምንም አልሆነም፤ ነገር ግን አፕዴት መምጣት ካቆመ ዓመት አለፈው። የባንክ አፕ እጠቀምበታለሁ። ያሰጋል? (መ. ተ.)

መልስ፦ ያሰጋል፤ ግን ዛሬ ማታ አይደለም። ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ገብተው የአንድሮይድ ሴኩሪቲ ፓች የሚለውን ቀን ያንብቡ። ከዚያ ቀን በኋላ የታወቁ የስርዓቱ ቀዳዳዎች በስልክዎ ላይ እንደተከፈቱ ናቸው። ጎግል ከአንድሮይድ 10 ወዲህ የተወሰኑ ክፍሎችን በፕሌይ ስቶር በኩል ማደሱ ጥቂት ያግዛል፤ የቺፑንና የሞደሙን ቀዳዳ ግን አይደፍንም። ቀኑ ከዓመት በላይ ካለፈው ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱበትን አፕ ወደ ሌላ ስልክ ያዛውሩ፤ አሮጌውን ለፊልምና ለንባብ ያቆዩት። ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጣ አፕ አይጫኑበት።

አፖቹም በተራቸው ይለዩታል። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2025 አንድሮይድ 8 እና 9ን ተሰናብቷል። በ2018 የወጣው ባለ 6.5 ኢንቹ አይፎን ኤክስ ኤስ ማክስም በ2025 የወጣውን አይኦኤስ 26 አላገኘም።

ጥያቄ፦ አዲስ መካከለኛ ስልክ ወይስ ያገለገለ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ትልቅ ስልክ? ዋጋቸው ተቀራራቢ ሆኖብኛል። (ነጋዴ)

መልስ፦ ስክሪኑና ካሜራው ከሆነ የሚፈልጉት ያገለገለው ያሸንፋል፤ ግን የአፕዴት ቀኑን ከገዙበት ሳይሆን ሞዴሉ ለገበያ ከወጣበት ይቁጠሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የወጣው ጋላክሲ ኤስ 23 አልትራ 5 ዓመት የሴኩሪቲ አፕዴት ነው ቃል የተገባለት፣ እስከ 2028 መጀመሪያ። በ2024 መጀመሪያ የወጣው ኤስ 24 አልትራ ግን 7 ዓመት፣ እስከ 2031 ማለት ነው። በዓይን ሲታዩ መንታ ናቸው፤ በዕድሜ ግን የሦስት ዓመት ልዩነት አላቸው። የጎግል ፒክስሎችም ከ2023ቱ ፒክስል 8 ጀምሮ 7 ዓመት አላቸው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለገበያ የሚቀርቡ ስልኮች ባትሪያቸው ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲይዝ፣ መለዋወጫቸውም ሞዴሉ ለገበያ መቅረቡ ካቆመ በኋላ ለ7 ዓመት እንዲገኝ ሕግ ያስገድዳል። ስለዚህ አዲስ የሚገዙ ከሆነ እዚያም የሚሸጥ ሞዴል ቢመርጡ አይጎዱም።

ያገለገለውን ሳይከፍሉ እንዲህ ይፈትሹ። *#06# ደውለው የሚመጣውን አይ ኤም ኢ አይ ቁጥር (የስልኩን መለያ) ከሴቲንጉና ከካርቶኑ ጋር ያስተያዩ። ሻጩ በፊትዎ የጎግል ወይም የአፕል አካውንቱን አውጥቶ ፎርማት ያድርገው፤ ተነስቶ የቀድሞውን ባለቤት ፓስዎርድ ከጠየቀ አይግዙት። አንድ የአፕ ምልክት በጣትዎ ይዘው ሳያነሱ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ያስጎብኙት፤ መንገድ ላይ ከለቀቀ በዚያ ቦታ ታቹ አይሠራም። ግራጫውን ምስል ይክፈቱ። ካሜራዎቹን ከሰፊው እስከ ሩቅ ማጉያው አንድ በአንድ ይሞክሩ፤ ምስሉ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሌንሱ ማረጋጊያ ተጎድቷል። አይፎን ላይ «አባውት» ውስጥ የተቀየሩ ዕቃዎች ዝርዝር ይታያል። በመጨረሻ ቻርጀር ሰክተው 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ይህን ሁሉ አድርገው ደህና ከሆነም የባትሪ ማስቀየሪያውን ከመነሻው ዋጋው ላይ ይደምሩ።

ጥያቄ፦ ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ልጆቼ ትልቁን ስልክ እንግዛልዎ ይሉኛል። እጄ ግን ከባድ ነገር አይችልም። (ጡረተኛ መምህር)

መልስ፦ መምህር፣ መጀመሪያ ባለዎት ስልክ ላይ «ዲስፕሌይ» ውስጥ የፊደሉን መጠንና የስክሪን ማጉያውን ሁለት ደረጃ ከፍ አድርገው ለአንድ ሳምንት ይሞክሩት። የእኛ ፊደል በትንንሽ ቅጥያ ስለሚለያይ ከላቲኑ አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ይፈልጋል። ካልበቃዎ ክብደቱን አይተው ይምረጡ። አይፎን 14 ፕሮ ማክስ 240 ግራም ሲመዝን፣ ያው 6.7 ኢንች ስክሪን ያለው 15 ፕሮ ማክስ 221 ነው። ወፍራም ካቨር ሲጨመርበት ግን ልዩነቱን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ አዲሱን ገዝቻለሁ። አሮጌውን ለእህቴ ልሰጣት ነው፤ ምን ማድረግ አለብኝ? (ሄ.)

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ ይበላሽና ነው ብዙው ሰው የሚቸገረው። ዋትስአፕን፣ የባንክ አፑንና የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ኮድ የሚያመነጨውን አፕ መጀመሪያ አዲሱ ላይ ያስነሱ፤ ኮዱ በአሮጌው ብቻ እያለ ፎርማት ካደረጉ ከራስዎ አካውንት ውጭ ይቀራሉ። ሁለቱን ስልኮች ለአንድ ሳምንት ጎን ለጎን ያቆዩዋቸው። ከዚያ አይፎን ከሆነ «ፋይንድ ማይ»ን ያጥፉ፤ አንድሮይድ ከሆነ የጎግል አካውንትዎን፣ ሳምሰንግ ከሆነ የሳምሰንጉንም ጭምር ከሴቲንግ ውስጥ ያውጡ። ሲም ካርዱን ያንሱ። ኢሲም (ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) ከነበረዎት ወደ አዲሱ መዛወሩን ደውለው ያረጋግጡ። ፎርማት የሚደረገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እህትዎ ስትረከበው ካቨሩን አውልቃ የቻርጀር ቀዳዳውን በመብራት ትመልከተው። ቻርጅ አይዝም የሚባል ስልክ ብዙ ጊዜ የታመቀ የኪስ ብናኝ ነው ያለበት፤ ስልኩ ጠፍቶ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ቀስ ተብሎ ይወጣል። መርፌ ግን አይሆንም፤ የቀዳዳውን ጥርሶች ያጣምማል።